የባለድርሻ አካላት አማካሪ ምክር ቤት ሥልጣኑ እስከ ምን ድረስ ነው?

ጠያቂ፦ መምህር ዘአቃቂ

ጤና ይስጥልኝ። በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ ባለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የባለድርሻ አካላት አማካሪ ምክር ቤት ሊቋቋም ነው፤ ቢጋሩን (የምክር ቤቱን ተግባርና አሠራር የሚወስነውን ሰነድ) የማርቀቅ ሥራ ለክፍላችን ተሰጥቷል። ረቂቁ ላይ «ምክር ቤቱ የዩኒቨርሲቲውን ዕቅድ ያጸድቃል» የሚል አንቀጽ ገብቷል። ከቦርዱና ከሴኔቱ ጋር አይጋጭም ወይ? አባላቱስ ስንት ይሁኑ? ከቃሊቲና ከቂሊንጦ ፋብሪካዎች፣ ከወረዳው፣ ከኮየ ፈጬ ነዋሪዎች ሰው ለመጋበዝ ታስቧል።

መልስ፦ ደንብ አዋቂ

«ያጸድቃል» የምትለዋን ቃል ያውጧት። በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የበላይ አካል ቦርዱ ነው። ስትራቴጂክ ዕቅድና በጀት ወደ ቦርዱ ይሄዳል፤ የአካዳሚክ ጉዳይ የሴኔት ነው። አማካሪ አካል ከሁለቱም ሥልጣን አይቆርስም። «ይመክራል፣ ምክረ ሐሳብ ያቀርባል» ይበሉ፤ ተጠሪነቱንም ለዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ያድርጉት።

አደራ የምልዎት ግን ሌላ አንቀጽ አለ። ዩኒቨርሲቲው ለእያንዳንዱ ምክረ ሐሳብ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ የመስጠት ግዴታ ይኑርበት፦ ተቀብለናል፣ በከፊል ተቀብለናል፣ አልተቀበልንም ከነምክንያቱ። ግልባጩ ለቦርዱ ይድረስ። የምክር ቤቱ አቅም ያለው እዚህ ላይ ነው። ይህ ከሌለ አባላቱ የተናገሩት የት እንደገባ አያውቁም፤ ብዙ ሳይቆይ ምልዓተ ጉባኤ መሙላት ያቅታል።

ቁጥሩ 13 ቢሆን ይበቃል፤ 20 እና 25 ሲሆን ጊዜው በሪፖርት ንባብ ያልቃል። ቀጣሪዎች 4፣ የቀድሞ ተመራቂዎች 2፣ ነዋሪዎች 2፣ ተማሪዎች 2፣ ከመምህራን፣ ከሙያ ማኅበርና ከወረዳ አንድ አንድ። ሰብሳቢው ከውጭ፣ ጸሐፊው ከዩኒቨርሲቲው ይሁን። ፕሬዚዳንቱ ይገኝ እንጂ አይምራ፤ እሱ ከመራው ምክር የሚሰጠውም የሚቀበለውም አንድ ሰው ሆነ ማለት ነው። ውክልናው በስም ይሁን። «የድርጅቱ ተወካይ» ብቻ ከተባለ በየስብሰባው አዲስ ሰው ይመጣና ውይይቱ ሁልጊዜ ከዜሮ ይጀምራል። የአገልግሎት ዘመኑን 3 ዓመት አድርገው በየዓመቱ ሲሶውን ይተኩ።

መልስ፦ የጥራት ባለሙያ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ጊዜው ላይ ልጨምር። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የበጀት ጥያቄው ግን ከዚያ ወራት ቀድሞ ተዘጋጅቶ ይወጣል። ግንቦት ላይ የሚሰበሰብ ምክር ቤት ባለቀ ነገር ላይ ነው የሚመክረው። ዋናው ስብሰባ ጥቅምት ላይ ይሁን፣ ሁለተኛው ጥር ላይ። አጀንዳና ሰነድ ከ10 ቀን በፊት ይላክ፤ ከሦስት አጀንዳ አይለፍ።

ቀጣሪዎችን «ስለ ተመራቂዎቻችን ምን ትላላችሁ?» ብለው ከጠየቁ «ተግባር ላይ ደካሞች ናቸው» የሚል መልስ ብቻ ያገኛሉ፤ በዚያ ደግሞ ምንም አይሠራም። የትኛው ማሽን? የትኛው ሶፍትዌር? የትኛው የሪፖርት ዓይነት? ብዙዎቹ የቅድመ ምረቃ ሥርዓተ ትምህርቶች በአገር ደረጃ የተጣጣሙ፣ ማለትም በየዩኒቨርሲቲው ተመሳሳይ እንዲሆኑ የተደረጉ ናቸው፤ ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። ስለዚህ የትምህርት ክፍሉ ኮርስ እንዲሰርዝ መጠየቅ ከንቱ ድካም ነው። በእጁ ያለው የላብራቶሪ ልምምድ፣ የኢንተርንሺፕ አመዳደብ፣ የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስና የተጋባዥ ባለሙያ ትምህርት ነው። ምክሩን ወደዚያ ይምሩት።

ጠያቂ፦ መምህር ዘአቃቂ

እግዜር ይስጥልን። የነዋሪዎቹን ተወካዮች ወረዳው ቢመርጥልንስ?

መልስ፦ ጎረቤት

ወረዳው አይምረጥ፤ እሱ የራሱ ወንበር አለው። ከኮንዶሚኒየሙ አንዱን የጋራ ቤቶች ማኅበሩ፣ ከነባሩ አርሶ አደር አንዱን እድሩ ይላክ። ሁለቱ የሚያነሱት ለየቅል ነው፦ ከኮንዶሚኒየሙ የታክሲ መቆሚያ፣ መብራትና የግንባታ አቧራ፣ ከአርሶ አደሩ ደግሞ ከግቢው የሚወጣው ፍሳሽና የልጆቹ የሥራ ዕድል። ጥሪውና የቃለ ጉባኤው ማጠቃለያ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይዘጋጅ።

አንድ ነገር ደግሞ እንዳይዘነጋ፦ ከፋብሪካዎቹ አንዳንዶቹ ለዩኒቨርሲቲው ዕቃ ሊያቀርቡ ይችላሉ። ግዥን የሚነካ አጀንዳ ሲመጣ አባሉ ጥቅሙን አሳውቆ ከክፍሉ ይውጣ፤ መውጣቱም በቃለ ጉባኤው ይመዝገብ።