«ታብሌቱ አይሳሳትም» ላሉን አሰልጣኝ

የሐይቁ ልጅ፦ እዚህ ሐዋሳ በአንድ የሥራ ደህንነት ስልጠና ላይ አሰልጣኙ ያሉትን ስሙ። «ከእንግዲህ የእሳት አደጋ ስጋት ግምገማ በታብሌት ነው። ታብሌቱ አይሳሳትም።» ሰው አጨበጨበ። እኔ ደሜ ፈልቶ ወጣሁ።

የስፌት መስመር፦ ምኑ አናደደህ? የወረቀቱን ጉድ እኛ እናውቀዋለን። ሰውዬው ቢሮ ቁጭ ብሎ የሦስት ወሩን በአንድ እስክሪብቶ ይሞላዋል። ታብሌቱ ቢያንስ ፎቶ ይጠይቃል፣ ሰዓት ይይዛል።

የሐይቁ ልጅ፦ ወረቀት ይሻላል ማን አለ? «አይሳሳትም» አይባልም ነው ያልኩት።

ጥገና ክፍል፦ እኛ ጋ ያለውን ልንገራችሁ። አፑ ለእያንዳንዱ እሳት ማጥፊያ «የጌጁ (የግፊት መለኪያው) ቀስት አረንጓዴው ላይ ነው?» ይላል። የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግን ጌጅ የለውም። መጉደል አለመጉደሉ የሚታወቀው ተመዝኖ ነው። ኤሌክትሪክ ፓነሉ ጋ የተሰቀሉት ደግሞ ሁሉም እነሱ ናቸው። ሳይመልሱ ማለፍ አይቻልም፣ «አይ» ካሉ ደግሞ ብልሽት ተብሎ ይመዘገባል። ስለዚህ ሁሉም «አዎ» ተባለ። አንዱም አልተመዘነም።

የስፌት መስመር፦ ይሄ የሠሪው ጥፋት ነው። ጥያቄውን ያስተካክሉት።

የሐይቁ ልጅ፦ እኮ! ሠሪው ከተሳሳተ ታብሌቱም ተሳሳተ ማለት ነው።

ኦዲት ላይ ያለሁ፦ ወገኖች፣ ረጋ በሉ። የስንት ሼድ (የፋብሪካ አዳራሽ) ውጤት በአንድ ስክሪን ይታያል። አንድ በር ደጋግሞ ተዘግቶ ከተገኘ ወዲያው ይለያል። በወረቀት ማን ያገኘዋል? አዋጅ 1156/2011 የሠራተኛውን ደህንነት የመጠበቅ ግዴታ አሠሪው ላይ ጥሏል። ግዴታውን መወጣቱ በምን ይታወቅ? በመዝገብ ነው።

የሐይቁ ልጅ፦ መዝገብ ካልክ የካራቺውን፣ የፓኪስታኑን እሳት አስታውስ። አሊ ኢንተርፕራይዝስ የተባለው የልብስ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲቃጠል ከ250 በላይ ሰው አለቀ። ከሳምንታት በፊት ኤስኤ 8000 የሚባለው፣ የሠራተኛ አያያዝና ደህንነት ደረጃን አሟልቷል የሚል ሰርተፍኬት ተሰጥቶት ነበር። መስኮቱ በብረት የታጠረ፣ በሩ የተቆለፈ ነበር። መዝገቡ ግን ያማረ ነበር።

ኦዲት ላይ ያለሁ፦ ያ እሳት ሆን ተብሎ እንደተለኮሰ ፍርድ ቤት ወስኗል። ግማሹን ብቻ አታውራ።

የሐይቁ ልጅ፦ ማንም ይለኩሰው! ሰው መውጫ ያጣው በሩ ስለተቆለፈ ነው። ያንን የፈረመ ሰው የለም?

የስፌት መስመር፦ በር ካነሳችሁ እኔም ልናገር። ጠዋት ሁለት ሰዓት የአደጋ ጊዜ መውጫው ፎቶ ይነሳል፣ ንጹህ ነው። ጭነት የሚወጣ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ እዚያው በር ላይ ካርቶን እስከ ጣሪያ ይደረደራል። እኔ አጠገቡ ነው የምሰፋው። ታብሌቱ ያለው ግን ሱፐርቫይዘሩ ጋ ነው። ለእኛም ይሰጠን!

ጥገና ክፍል፦ እህቴ፣ ስልክ እንኳ በር ላይ አስቀምጡ እየተባላችሁ?

የስፌት መስመር፦ ለዚህ ነዋ የምለው። በዚያ ላይ ጥያቄው በሙሉ በእንግሊዝኛ ነው። አጠገቤ ያሉት ልጆች የሚግባቡት በሲዳምኛ ነው።

ኦዲት ላይ ያለሁ፦ ልብሱን የሚገዙን ደንበኞች ሪፖርት የሚቀበሉት በእንግሊዝኛ ነው። ምን እናድርግ?

የሐይቁ ልጅ፦ እሳት ሲነሳ የሚሮጡት ደንበኞቹ ናቸው እንዴ?

ኦዲት ላይ ያለሁ፦ አንተ ደግሞ ሁሉን ነገር ወደ ጠብ ነው የምትወስደው። በትርጉም ይሠራል፣ ጊዜ ይፈልጋል።

የስፌት መስመር፦ እስኪተረጎም ካርቶኑን ማን ያንሳው?