ያረጁ የጆይስቲክ አናሎጎችን በጋራ ለመጠገንና ለመቀየር የቀረበ የዕቅድ ውይይት

ከማኅበሩ ጸሐፊ፦

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ባለፈው ስብሰባ በተሰጠኝ ኃላፊነት መሠረት የጌም ቤቶቻችንን ጆይስቲኮች በጋራ ለመጠገን የሚያስችል ረቂቅ ዕቅድ ለውይይት አቀርባለሁ። መነሻው ሁላችንም በየቤታችን የምናየው ችግር ነው። ማንም አናሎጉን፣ ማለትም በአውራ ጣት የሚገፋውን አጭር ዱላ፣ ሳይነካው በስክሪኑ ላይ ያለው ተጫዋች ወደ አንድ ወገን መሮጥ ይጀምራል፤ ደንበኛው ጆይስቲክ እንዲቀየርለት ይጠይቃል፤ እኛም ቁልፎቹ፣ ባትሪውና ቦርዱ ደህና የሆነውን ዕቃ ወደ ጎን አስቀምጠን ሌላ እንገዛለን።

ይህ የሚሆነው ደንበኛ ዕቃ አያያዝ ስለማይችል ብቻ አይደለም። አልፕስ የተባለው የጃፓን አምራች ለፕሌይስቴሽን 4 እና 5 ጆይስቲኮች ለሚያገለግለው አናሎግ በሰነዱ ላይ ያስቀመጠው ዕድሜ 2,000,000 ዙር ነው። አይፊክሲት የተባለው የጥገና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ይህን ቁጥር ከአንድ የተኩስ ጨዋታ የእጅ እንቅስቃሴ ጋር አገናዝቦ 417 ሰዓት ገደማ እንደሚሆን አስልቷል። ግምት ነው፤ በእግር ኳስ ጨዋታም ሊለያይ ይችላል። ሆኖም አንድ ሰው በቤቱ በቀን ሁለት ሰዓት ቢጫወት ከ200 ቀን በላይ የሚወስደው አገልግሎት፣ ጆይስቲኩ በቀን 10 ሰዓት በሚሠራበት ጌም ቤት በስድስት ሳምንት ያልቃል። ስለዚህ አናሎግ ለእኛ እንደ መብራትና እንደ ኪራይ በበጀት ሊያዝ የሚገባው ቋሚ ወጪ ነው።

ረቂቁ ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል፦ አንድ የጋራ የጥገና ጠረጴዛ፣ የመለዋወጫ የጋራ ግዢ፣ እንዲሁም በራሱ የሚሄድ አናሎግ ሁሉ ወዲያውኑ በማግኔት በሚሠራው የሆል አናሎግ እንዲቀየር። አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ።

ከጥገና ክፍሉ ተጠሪ፦

ረቂቁን በጥሞና አንብቤዋለሁ። የጋራ ጠረጴዛውን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ፤ «ሁሉም ወዲያውኑ ይቀየር» የሚለው ግን እንዲታረም አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ ምክንያቱም ሳንለካ ከነቀልን ያልተበላሸውንም እንነቅላለን፣ በነቀልን ቁጥርም ቦርድ እናበላሻለን።

በእያንዳንዱ አናሎግ ጎን ሁለት ተለዋዋጭ ሬዚስተሮች አሉ፤ አንዱ የግራና ቀኙን፣ ሌላው የላይና ታቹን እንቅስቃሴ ይለካል። በውስጣቸው አንዲት ትንሽ የብረት ምላስ በካርቦን መንገድ ላይ ትመላለሳለች፤ ጆይስቲኩም አቅጣጫውን የሚያውቀው ምላሷ ካለችበት ቦታ ላይ በሚያነበው ቮልቴጅ ነው። ካርቦኑ ሲፋቅ ንባቡ ይዘላል። ይሁንና ከአናሎጉ ዘንግና ከሽፋኑ ቀለበት ፍትጊያ የሚወጣው ነጭ ዱቄት ወደ ውስጥ ሲገባ፣ ወይም አናሎጉን ወደ መሐል የሚመልሰው ስፕሪንግ ሲደክም የሚታየው ምልክት ተመሳሳይ ነው። አንዳንዶቻችን ደግሞ ላይኛው የላስቲክ ቆብ ተልጦ ጣት ስለሚያንሸራትት ብቻ አናሎጉ ተበላሸ ብለን ዕቃውን እንጥላለን፤ ቆቡ ያለ ምንም ሶልደር ተነቅሎ የሚቀየር ነው።

ስለዚህ ማንኛውም ጆይስቲክ ሶልደር ሳይነካው በፊት እንዲለካ ሐሳብ አቀርባለሁ። በፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ ላይ ከጀርባ ያሉትን አራት ቡሎኖች በካቻቢቴ ፈትተን፣ ሽፋኑን ከፍላት ኬብሉ በጥንቃቄ ለይተን ባትሪውን እንነቅላለን። ከዚያም በመልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) የሬዚስተሩን የመሐለኛ እግር ከሁለቱ የዳር እግሮች ጋር በየተራ እንለካለን። ሬዚስተሩ ከዳር እስከ ዳር 10 ኪሎ ኦም ገደማ ስለሆነ፣ አናሎጉ መሐል ላይ ሲያርፍ ሁለቱ ንባቦች መቀራረብ አለባቸው። ቀስ ብለን ወደ ዳር ስንገፋው ንባቡ ሳይቆራረጥ መጨመር ወይም መቀነስ ይኖርበታል፤ አንድ ቦታ ላይ ከዘለለ ቆሻሻ ገብቷል ወይም ካርቦኑ ተፍቋል። በመጀመሪያ የጎን ክዳኑን ከፍተን በኢሶፕሮፒል አልኮል እናጸዳለን፤ ተመልሶ ከዘለለ መቀየር ግድ ነው። ዘይትነት ያለው ርጭት ግን ለጥቂት ቀናት ችግሩን ደብቆ አቧራ ስለሚሰበስብ በጠረጴዛው ላይ እንዳይኖር እጠይቃለሁ።

መቀየሩ ቀላል ሥራ አይደለም። አንድ አናሎግ በ14 ነጥቦች ተሶልድሯል፦ ስድስቱ የሁለቱ ሬዚስተሮች፣ አራቱ ሲጫን የሚሠራው የቁልፉ፣ አራቱ ደግሞ የብረት አካሉ እግሮች ናቸው። የብረት አካሉ እግሮች ከቦርዱ ሰፊ መዳብ ጋር ስለተያያዙ ሙቀት ይጠጣሉ፤ ሠራተኛው ትዕግሥት አጥቶ ከሳበ የመዳቡ ቀለበት አብሮ ይነቀላል። የፋብሪካው እርሳስ አልባ ሶልደር የሚቀልጠው በ217 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን እርሳስ ያለው በ183 ስለሚቀልጥ፣ አስቀድሞ ፍላክስ (ሶልደር በደንብ እንዲፈስ የሚረዳ ቅባት) ቀብቶ እርሳስ ያለውን ሶልደር ማቀላቀል መንቀሉን በእጅጉ ያቀላል። እርሳሱና የሶልደሩ ጭስ ለጤና ጎጂ ስለሆኑ ጠረጴዛው መስኮት አጠገብ ይሁን፤ ምግብም አይቀርብበት።

ከገንዘብ ያዥዋ፦

ወንድማችን ስላቀረቡት ማብራሪያ አመሰግናለሁ። የእኔ ጥያቄ ከግዢው ጋር የተያያዘ ነው። የሆል አናሎግ ዋጋው ከተለመደው ይበልጣል፤ በቤቶቻችን ካሉት ጆይስቲኮች ውስጥ ደግሞ ብዙዎቹ ኦሪጅናል ሳይሆኑ ኮፒ ናቸው። ኮፒ ጆይስቲክ ላይ ውድ አናሎግ መግጠም ያዋጣል ወይ? ሌላው፣ በእግር ኳስ ጨዋታ ተጫዋቹን የሚያስሮጠው የግራው አናሎግ ስለሆነ አስቀድሞ የሚያልቀው እርሱ ነው። በጀቱ ሁለቱንም ወገን በአንድ ጊዜ ከመቀየር ይልቅ የግራውን ቢያስቀድም በተመሳሳይ ገንዘብ ብዙ ዕቃ ወደ ሥራ ይመለሳል።

ወደ ዱባይ የሚመላለሱ አባላት መለዋወጫ እናመጣለን ማለታቸው መልካም ነው፤ ነገር ግን ምን ዓይነት አናሎግ፣ ለየትኛው ሞዴል እንደሚመጣ በጽሑፍ ሳይሰጣቸው ገንዘብ ወጪ እንዳይሆን እጠይቃለሁ።

ከጥገና ክፍሉ ተጠሪ፦

እኅታችን ያነሡት የኮፒ ጉዳይ የዕቅዱ ዋና ነጥብ ነው ብዬ አምናለሁ። የኦሪጅናሉ ጆይስቲክ ቦርድ የነባሩን አናሎግ መሐልና ዳር ከፋብሪካ ጀምሮ በማስታወሻው ይዞ ስለሚቆይ፣ አዲስ አናሎግ ሲገጠምለት በድሮው ልክ ያነበዋል። ሥራው ንጹሕ ሆኖም መሐሉ ሊዛባ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። የፕሌይስቴሽን 4 እና 5 ኦሪጅናል ጆይስቲኮች በኬብል ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝተው ክሮም በተባለው የኢንተርኔት ማሰሻ ላይ በሚሠራ ነፃ የካሊብሬሽን (የልክ ማስተካከያ) ገጽ መሐላቸውና ዳራቸው እንደገና ይስተካከላል፤ ለውጡም በቋሚነት እንዲቀመጥ መታዘዝ አለበት። ኮፒዎቹ ግን ይህን አይቀበሉም። ስለዚህ የሆል አናሎግ ለኦሪጅናሎቹ ብቻ ይሁን፤ ለኮፒው ተለክቶ የተመረጠ ተራ አናሎግ ይበቃዋል።

ስለ ሆል አናሎግ አንድ ነገር ልጨምር። ማግኔትና ዳሳሹ ስለማይነካኩ የሚፋቅ ካርቦን የለውም፤ አሠራሩም አዲስ አይደለም፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የሴጋ ድሪምካስት ጆይስቲክ ይጠቀምበት ነበር። ሆኖም ስፕሪንጉ፣ ፕላስቲኩና የሚጫነው ቁልፍ እንደማንኛውም አናሎግ ያረጃሉ። ለደንበኞቻችንም ሆነ ለራሳችን «ዘላለማዊ» ብለን ቃል መግባት የለብንም። ቲኤምአር የሚባለው፣ እንዲሁ በማግኔት የሚሠራው አዲሱ ዓይነት ያነሰ ኃይል ስለሚጠቀም፣ ዋጋው ከተቀራረበ ገመድ አልባ ለሆኑት እርሱን እመርጣለሁ።

ስዊች የተባለው የኒንተንዶ ጌም ያላቸው ሁለት አባላት ስለ ጆይስቲኩ፣ ስለ ጆይኮን፣ ጠይቀውኛል። የእርሱ አናሎግ በፍላት ኬብል ብቻ የተያያዘ ስለሆነ ሶልደር አያስፈልገውም፤ ባለ ሦስት ክንፍ ካቻቢቴ በዕቃ ዝርዝሩ ላይ ቢጨመር ይበቃል።

ከማኅበሩ ጸሐፊ፦

በቀረቡት አስተያየቶች መሠረት ሦስተኛውን አንቀጽ እንደሚከተለው ቀይሬዋለሁ፦ «ወደ ጋራ ጠረጴዛው የሚመጣ ጆይስቲክ ሁሉ በቅድሚያ ይለካል፣ ይጸዳል፤ ውጤቱም በመዝገብ ይሰፍራል። ካርቦኑ የተፋቀ ብቻ አናሎጉ ይቀየራል፤ በግዢም የግራው ይቀድማል። ኦሪጅናል ለሆነው የሆል ወይም የቲኤምአር አናሎግ ተገጥሞ ካሊብሬት ይደረጋል፤ ለኮፒው ተራ አናሎግ ይገጠማል። ግዢ የሚፈጸመው የጥገና ክፍሉ በፈረመበት የሞዴል ዝርዝር ብቻ ነው።»

ሁለት ሠልጣኞች በተጣሉ ቦርዶች ላይ 14ቱን ነጥቦች ያለ ጉዳት መንቀል እስኪችሉ ድረስ የደንበኛ ዕቃ እንዳይነኩ የሚለውንም በሥልጠናው ክፍል አስገብቻለሁ። የቀረው የአገልግሎት ክፍያው ነው፤ ገንዘብ ያዣችን በመለዋወጫ ዋጋ ላይ ተመሥርተው የመጀመሪያውን ስሌት እንዲያቀርቡልን፣ አባላትም ያለ ሥራ ያስቀመጣችኋቸውን ጆይስቲኮች ኦሪጅናልና ኮፒ ለይታችሁ ከዚሁ በታች እንድትጽፉልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።