የአያቴ የዋንዛ ቡፌ ነቅዟል፣ አናጢው "ልፋቀው" ይላል፤ ምን ላድርግ?

የጎፋዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አያቴ ካረፈች በኋላ የሳሎኗ ቡፌና አንድ የጅማ በርጩማ ለኔ ደረሱኝ። የቡፌው ፊት ዋንዛ ነው፣ ጀርባው ግን ነጣ ያለ ሌላ እንጨት ነው። አራተኛ ፎቅ ድረስ ስድስት ሰው ተሸክሞ ነው ያወጣልኝ። አሁን ከጀርባው በኩል ወለሉ ላይ እንደ በሶ ያለ ብናኝ አገኛለሁ፤ ብጠርገውም በሳምንቱ ይመለሳል። ትኩስ ብርጭቆ ተቀምጦበት ላዩ ላይ ነጭ ክብ ምልክት ወጥቶበታል። ክረምት ከገባ ወዲህ ደግሞ አንዱ መሳቢያ አልወጣ ብሏል። የጠራሁት አናጢ "ሁሉንም በማሽን ፍቄ አዲስ ቫርኒሽ ልቀባልሽ" አለኝ። ልቤ አልፈቀደም። አያቴ ቅዳሜ ቅዳሜ በጨርቅ ስትወለውለው እያየሁ ነው ያደግኩት፣ ያ ጠቆር ያለ መልኩ እንዲጠፋብኝ አልፈልግም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሰፈርተኛ፦
እህቴ፣ እኛ ቤት ላምባ ነው የምናደርገው። የተቃጠለ የመኪና ዘይት የሚቀባም አለ። ርካሽ ነው፣ ሞክሪው።

የድሮ አናጢ፦
ልጄ፣ የተቃጠለ ዘይት ለአጥር እንጨት ይሁን፣ ሳሎን ውስጥ ግን በፍጹም። እንጨቱን ያጠቁረዋል፣ ሽታው አይለቅም፣ ኋላ ምንም ነገር አይዝበትም። ላምባውም ቤት ውስጥ የእሳት አደጋ ነው፣ ውስጥ ያለውን ትልም በደንብ አይደርስበትም።

መፋቁን በተመለከተ ልብሽ ልክ ነው። ያ ጠቆር ያለ መልክ ያለው ላዩ ላይ ብቻ ነው፣ ስስ ነው። ብርሃንና እጅ በስንት ዓመት ያመጡትን ማሽን በአንድ ከሰዓት ያነሳዋል፣ የቅርጹንም ጠርዝ አብሮ ይበላዋል። እንዲህ ያለ ሰፊ የዋንዛ ጣውላ ደግሞ እንደ ድሮው አይገኝም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ኮሶንና የሐበሻ ጥድን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር። ያለሽን ያዢ።

ብናኙ ምስጥ አይመስለኝም። ምስጥ የጭቃ መስመር እየሠራ ነው የሚመጣ፣ አራተኛ ፎቅም እምብዛም ነው። የነገርሽን ነቀዝ ነው። ጀርባው ዝግባ ከሆነ ነቀዝ ቶሎ ይገባበታል፤ ዋንዛም ቢሆን ቀላ ያለው መሃሉ ይጠነክራል እንጂ ነጣ ያለውን ዳሩን ይበሉታል። መጀመሪያ ግን ነቀዙ በሕይወት መኖሩን እወቂ። በደንብ ጥረጊና ጥቁር ወረቀት ከሥሩ አንጥፊ። ቡፌውን ስታንቀሳቅሺው የድሮው ብናኝም ይራገፋልና ሳትነኪው ሁለት ሳምንት ተይው። አዲስ ነጣ ያለ ብናኝ ከወረደ፣ የቀዳዳዎቹ ውስጥም ንጹሕ እንጨት የሚመስል ከሆነ፣ ገና እየበላ ነው። ያኔ የእንጨት ነቀዝ መድኃኒት ገዝተሽ ጀርባውንና የመሳቢያዎቹን ሥር፣ ቫርኒሽ ያልነካውን ቦታ ብቻ ትቀቢዋለሽ። ጓንት አድርጊ፣ አፍሽን ሸፍኚ፣ መስኮት ክፈቺ፣ ልጆች ይራቁ። ትሉ እንጨት ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ስለሚቆይ በዓመቱ ወረቀቱን ድጋሚ አንጥፊ። ጀርባው በጣም ከተበላ እሱን ብቻ ማስቀየር ይቻላል፣ ፊቱ አይነካም።

መሳቢያውን ማንም እንዳይልግልሽ። ክረምት እርጥበት ጠጥቶ አብጦ ነው። አሁን ካስላግሽው በበጋ ሲደርቅ ይላላል። የሚንሸራተትበትን ጠርዝ በደረቅ ሻማ እሺው፣ በቂ ነው።

ነጩ ክብ ደግሞ እርጥበት ላዩ ላይ ታስሮ ነው። የድሮ ቡፌ ብዙ ጊዜ በጎማላካ፣ አልኮል በሚያሟሟው የድሮ ቫርኒሽ፣ ነው የተወለወለው። በማይታይ ቦታ ላይ አንድ ጠብታ አልኮል አድርጊ፤ ከተጣበቀና ከለሰለሰ ጎማላካ ነው። እንዲያ ከሆነ መጀመሪያ ጥቂት ቀን አየር እንዲያገኝ ተይው፣ በራሱ ሊጠፋ ይችላል። ካልጠፋ ጨርቅ በአልኮል እርጥብ ሳይሆን ወዝ ብቻ እንዲኖረው አድርጊና ክቡን ቶሎ ቶሎ እለፊበት፣ አንድ ቦታ ላይ አትቁሚ። ምልክቱ ጥቁር ቢሆን ኖሮ ውሃው እንጨቱ ድረስ ዘልቋል ማለት ነበር፣ ያ ሌላ ሥራ ነው።

ለመንከባከብ ሰም ይበቃል። ጠጅ ከሚጥሉ ቤቶች ሰፈፍ ውሰጂ፣ አቅልጠሽ በጨርቅ አጥሪው። አንድ እጅ ሰም ለሦስት እጅ አኳራጅ (የቀለም ማቅጠኛው) ነው። ሰሙን የፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ አቅልጪው፣ አኳራጁን የምትጨምሪው ግን እሳቱን አጥፍተሽ፣ ከምድጃው ርቀሽ ነው፤ በዚህ ላይ ቸልታ የለም። በስሱ ቀቢው፣ ግማሽ ሰዓት ቆይተሽ በደረቅ ጥጥ ጨርቅ ወልውይው። በዓመት ሁለቴ ይበቃዋል። የምግብ ዘይት አትንኪ፣ ይጣበቃል፣ አቧራ ይሰበስባል። የተልባ ዘይት የምትቀቡም ካላችሁ ጨርቁን ጠቅልላችሁ አትጣሉ። በራሱ ሞቆ እሳት ያነሳል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት።

ከቨርጂኒያ፦
ስለ በርጩማው እኔም ልጨምር። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ስለሆነ መጋጠሚያ የለውም፣ ስለዚህ ሲደርቅ የሚሄድበት ስለሌለው ይሰነጠቃል። የእኔው እዚህ አሜሪካ መጥቶ በመጀመሪያው የብርድ ወቅት፣ ማሞቂያው አጠገብ አስቀምጬው፣ ከመቀመጫው እስከ እግሩ ተተረተረ። አለቀስኩ። ደንግጬ ስንጥቁን በኮላና በመጋዝ ብናኝ ሞላሁት፤ የእዚህ የሙቀት ወቅት ሲመጣ እንጨቱ አበጠ፣ ስንጥቁ ሊዘጋ ሲል የሞላሁት ነገር ገፋውና በሌላ በኩል ሁለተኛ ስንጥቅ ወጣ። አሁን ከማሞቂያ አርቄዋለሁ፣ ክፍሉን ከ40 እስከ 50 በመቶ እርጥበት ላይ ለማቆየት እሞክራለሁ። የፊተኛው ስንጥቅ እንዳለ ነው፣ አልሰፋም። አንቺም ከፀሐይና ከመስኮት አርቂው። በርጩማው ከነቀዘ ደግሞ ትንሽ ስለሆነ ፍሪዘር ውስጥ ሊገባ ይችላል። በላስቲክ አየር እንዳይገባው ጠቅልለሽ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ወይም ከዚያ በቀዘቀዘ ፍሪዘር፣ ለሁለት ሳምንት። ስታወጪው ቅዝቃዜው እስኪለቀው ላስቲኩን አትፍቺ፣ አለበለዚያ ጠሉ እንጨቱ ላይ ይወርዳል።

የጎፋዋ፦
አባቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የቨርጂኒያውም፣ ስለ በርጩማህ በጣም አዘንኩ። አናጢውን ደውዬ አስቀረሁት። መሳቢያውን በሻማ አሸሁት፣ እየወጣ ነው። ጥቁር ወረቀቱን ዛሬ ጠዋት አንሥቼ አየሁት፤ ብናኙ የወረደው ከጀርባው ግራ ጥግ ብቻ ነው፣ ከፊቱ በኩል ምንም የለም። መድኃኒቱን ቅዳሜ እቀባለሁ። ነጩ ክብ ግን ጎማላካ ቢሆን እንኳ እስካሁን አልኮል ለመንካት ፈራሁ፣ ከቡፌው በር በስተኋላ ባለው ጠርዝ ላይ ልሞክርና እነግራችኋለሁ።