የዕቅድ ውይይት፦ የአጭር ፊልሙ ፕሮፖዛል፣ ሦስተኛ ረቂቅ

ጸሐፊ፦
ፕሮፖዛሉ ዓርብ ይገባል። "አልሰማሁም" የሚል እንዳይኖር የተስማማነውን ልድገመው። የ25 ደቂቃ ፊልም ነው። ሦስት የ11ኛ ክፍል ልጆች ከጣርማ በር በታች ገደል ሥር ጉድጓድ ያገኛሉ፤ ገብተው ሲወጡ ዕቃ በሐሳባቸው ማንሳት ይጀምራሉ። የምናየው ሁሉ አንዱ ልጅ በስልኩ የቀረጸው ነው። ስልኩን እረኛ አገኘው ተብሎ ነው ፊልሙ የሚከፈተው። ይሄን ዓይነት የመረጥነው ስለሚያዋጣን መሆኑን አትርሱ፤ ክሬን የለ፣ መብራት የለ፣ ምስሉ ቢንቀጠቀጥም "ልጁ ነው የያዘው" እንላለን። ካዝናችን ውስጥ 46 ሺህ አለ፣ የምንጠይቀው 140 ሺህ ብር ነው። ያላችሁን ዛሬ በሉ።

ገንዘብ ያዥ፦
46 አይደለም፣ 41 ነው። የጄኔሬተሩ ሰውዬ ቀሪውን ወስዷል። ደግሜ አላስረዳም።

ቆላው፦
አሁንም ጄኔሬተር! ሦስት ሰዓት ላልሠራ ነገር!

ገንዘብ ያዥ፦
አልኩ እኮ።

ጣርማበር፦
ድርሰቱን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ አንድ ነገር ላስረዳ፣ ያለፈው ስብሰባ ላይ "የሕፃን ጨዋታ ነው" ያላችሁ ስላላችሁ። በፈረንጅ 2012 የወጣው ክሮኒክል የሚባለው የሆሊውድ ፊልም እንዲህ ነው የተሠራው። ሦስት ጎረምሶች፣ መሬት ውስጥ አንድ የሚያበራ ነገር፣ አንዱ ልጅ ካሜራ አይለቅም። 12 ሚሊዮን ዶላር ነው የፈጀው፤ ለሆሊውድ የኪስ ገንዘብ ማለት ነው፣ ያስገባው ግን ከ100 ሚሊዮን በላይ። ታሪኩ ሲያትል ነው ይላል፣ አብዛኛውን የቀረጹት ግን ደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን ነው፣ ስለሚረክስ። እኛ ጣርማ በርን ጣርማ በር ብለን ነው የምንቀርጸው። ከነሱ የወሰድኩት አንድ ነገር ነው፤ ኃይሉ ዋጋ አለው። ልጆቹ ሲያበዙት አፍንጫቸው ይደማል። እኛ ልጅ ላይ ደግሞ ራስ ምታቱ ትምህርቱን ያስተወዋል፣ ቤተሰቡም "ቡዳ በላው" ብለው ጠበል ይወስዱታል። ፊልሙ ያ ነው። መብረሩ ማጣፈጫ ነው።

ሦስት እግር፦
ድርሰቱ ቆንጆ ነው። ግን ሦስቱም አየር ላይ ሲወጡ ካሜራውን ማን ያዘው? ተመልካች መጀመሪያ የሚጠይቀው ይሄንን ነው።

ጣርማበር፦
ልጁ ራሱ። በሐሳቡ አየር ላይ ያቆመዋል። ክሮኒክልም እንደዚያ ነው የተወጣው። ከዚያ በኋላ ምስሉ መንቀጥቀጡን ይተዋል፣ ልጁ ኃይሉን እየለመደ መሆኑ በካሜራው ይታወቃል።

ሦስት እግር፦
ታዲያ ድሮን ያስፈልጋል።

ሰብሳቢ፦
ድሮን የሚባል ቃል ወረቀቱ ላይ እንዳይገባ። በዚህ ጊዜ፣ በዚህ አገር፣ ሰማይ ላይ የሚንጫጫ ነገር የምናስነሳ እኛ ነን? ፈቃዱንም አታገኙትም። ደግሞ እናቶች አሉ።

ሦስት እግር፦
ገባኝ ጋሼ። ረጅም ሸንበቆ ጫፍ ላይ ስልኩን አስረን ከላይ እናንሸራትታለን። ሸንበቆው ከገባ ኤዲት ላይ እቆርጠዋለሁ። የኔን ካሜራም ለጥንቃቄ ቅዳሜ ይዤ እመጣለሁ። እዳዬ ነው።

አንኮበሯ፦
ጉድጓዱን ትታችሁ ኃይሉ ከሰማይ ብርሃን ቢመጣስ? ዘርዓ ያዕቆብ ደብረ ብርሃንን የቆረቆረው ብርሃን ታይቶ አይደል? ስሙ ራሱ ተረክ ነው።

ሰብሳቢ፦
ያ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ነው። ለጎረምሳ ጨዋታ አይሆንም። ጉድጓዱ ይበቃል።

አንኮበሯ፦
እሺ ጋሼ።

ቆላው፦
ጓሳ ተራራ ላይ ያለውን የሌሊቱን ትዕይንትም ቀን አድርጉት። ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ነው፣ ብርዱ ባትሪ ይበላል። ታኅሣሥ ላይ የኔ ስልክ 40 በመቶ እያለው ጠፍቶ ጭላዳ ሳላነሳ ተመለስኩ።

ጸሐፊ፦
ተመዝግቧል። ሌላ ከሌለ ልዝጋው።

መንዜ፦
አትዝጊው። ገጽ 4ን አንብባችኋል? "ልጁ እጁን ይዘረጋል፣ አንድ ነጭ በግ ጆሮውን እያንጠለጠለ ከመንጋው መሐል ቀስ ብሎ ይነሳል።" ቦታው መንዝ ነው ተብሏል። መንዝ ውስጥ እንዲህ ያለ በግ ከየት ነው የመጣው?

ጣርማበር፦
በግ ነው። ይነሳል።

መንዜ፦
በግ ነው አይባልም። የመንዝ በግ ቡኒ ወይ ጥቁር ነው፣ ነጭ ጣል ጣል ያለበት አለ። ጆሮው አጭር፣ ላቱ አጭር፣ ጫፉ ወደ ላይ የተቀለበሰ። አንተ የጻፍከው አዋሲ ነው። ከእስራኤል የመጣ በግ።

የባሶዋ፦
አዋሲ እኮ ደብረ ብርሃን በግ ማራቢያው ውስጥ ስንት ዘመኑ ነው? ከመንዝ በግ ጋር ያልተዳቀለ ቀርቷል? እኛ ሰፈር ነጭ በግ ሞልቷል። ጭንቅላቱ ቡናማ፣ ሌላው ነጭ።

መንዜ፦
እናንተ ሰፈር ሞልቷል። ፊልሙ ግን እናንተ ሰፈር አይደለም። "መንዝ" ተብሎ ተጽፎ ነጭ በግ ሲነሳ እዚያው መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ያለ ሰው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? አንድም ሰው ስለ ልጁ ኃይል አያወራም።

ቆላው፦
አንተ ግን ስለ ልጁ ኃይል አውርተህ ታውቃለህ?

ጣርማበር፦
ምክንያት አለኝ፣ ስሙኝ። ትዕይንቱ አመሻሽ ላይ ነው። የስልክ ካሜራ ብርሃን ሲያንሰው ምስሉ ይበጠበጣል። ጥቁር በግ ከገደሉ ጥላ ጋር አንድ ይሆናል። ሰው አየር ላይ የሚንቀሳቀስ ምንም ነገር አያይም። ነጭ ያልኩት እንዲታይ ነው።

መንዜ፦
ስልኩ ካላየው ስልኩ ይቀየር። በጉ ለምን ይቀየራል?

የባሶዋ፦
ወይ ጠዋት አድርጉት። አለቀ።

ጣርማበር፦
ጠዋት አይሆንም! በጎቹ ወደ ቤት ሲገቡ ነው፣ እረኛው አንድ ጎሎበት ሲቆጥር ነው ፍርሃቱ። ጠዋት ማን በግ ይቆጥራል?

መንዜ፦
እኛ ጠዋትም ማታም እንቆጥራለን። አየህ? አታውቀውም። የማታውቀውን ነው የጻፍከው።

ጣርማበር፦
እሺ እንግዲያው አንተ ጻፈው። አራት ወር ፈጅቶብኛል፣ አንተ ግን አንድ ቀን ስለ ልጁ እናት፣ ስለ ጠበሉ፣ ስለ መጨረሻው አንድ ቃል ሳትናገር ላት ትለካለህ። ረቂቁን ዛሬ አወጣለሁ። ከፈለጋችሁ ከበጉ ጀምሩ።

መንዜ፦
አውጣው። እኔም መዋጮዬን አወጣለሁ። 2 ሺህ ብር ነው፣ ገንዘብ ያዥዋ ታውቃለች።

ገንዘብ ያዥ፦
2 ሺህ አይደለም፣ 1500 ነው። ሁለተኛውን ዙር አልከፈልክም።

ሰብሳቢ፦
ሁለታችሁም ተዉ። የሚታየው ነገር ያሳፍራል። ትናንት በጄኔሬተር ተጣልተን ዛሬ በጆሮ።

አንኮበሯ፦
ነገሩ በጉ በእውን ይነሳል ወይ? ማን ነው በግ ገመድ አስሮ አየር ላይ የሚያንጠለጥለው? ባለቤቱስ እሺ ይላል? በግ ቢሰበር ሙሉ ዋጋውን ነው የምንከፍለው።

ሦስት እግር፦
አጎዛ! አጎዛ ጭድ ሞልታችሁ በክር አንሱት። ከርቀት ሲታይ በግ ነው።

መንዜ፦
የሞተ በግ ነው የሚነሳው ማለት ነው? ጉድ። እስቲ እናቴ ትየው።

የባሶዋ፦
እናትህ አጎዛ ላይ ነው የተቀመጡት።

ቆላው፦
😂 ትክክል።

መንዜ፦
በእናቴ አትቀልጂ።

የባሶዋ፦
አልቀለድኩም፣ እኔም አጎዛ ላይ ነኝ አሁን። ይቅርታ ግን።

ጸሐፊ፦
ይሄ ሁሉ እያለ ፕሮፖዛሉ አልሄደም። ጣርማበር፣ ረቂቁን አውጥተኸዋል ወይ? ፋይሉ አይከፈትልኝም።

ጣርማበር፦
መለስኩት። ተናድጄ ነው። መንዜ፣ ጆሮውን አጥፍቼዋለሁ። "በግ ይነሳል" ብቻ ይላል።

መንዜ፦
"ቡኒ በግ" በል።

ጣርማበር፦
"ቡኒ በግ" ብያለሁ። ሰዓቱንም ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት አድርጌዋለሁ። አንተ ያልከው መቁጠር ግን ቆንጆ ነው፤ ጠዋት 19፣ ማታ 18። እሱን አስገብቻለሁ።

መንዜ፦
19 ጥሩ ነው። በኔ ስም ባይጻፍም ግድ የለኝም።

ጸሐፊ፦
ጨረስን? ሦስት እግር፣ ካሜራው ቅዳሜ እርግጥ ነው?

ጸሐፊ፦
ሦስት እግር?

ገንዘብ ያዥ፦
እኔ አንድ ሐሳብ አለኝ፣ ስለ ገንዘብ ስለሆነ እንዳትዘሉት። ለበግ ኪራይ ከምንከፍል ሁለት በግ ገዝተን ብናስገባስ? ፊልሙን ጨርሰን እናደልባቸዋለን፣ ለፋሲካ እንሸጣቸዋለን። ኪራይ ወጪ ነው፣ በግ ግን ንብረት ነው። የፕሮፖዛሉ ሰዎችም "ገቢ የሚያስገኝ ተግባር አላችሁ ወይ" ብለው ይጠይቃሉ፣ ባለፈው በዚያ ነው የወደቅነው።

ሰብሳቢ፦
ይሄ ጥሩ ነው። በእውነት ጥሩ ነው።

ቆላው፦
ፊልሙ ባይሳካ በጉ አለ።

ሰብሳቢ፦
ቅጹ ላይ ደግሞ "ለአካባቢው ባህልና ቱሪዝም ያለው ጥቅም" የሚል ክፍል አለ። እሱን ባዶ ትታችሁታል። በርኖስ ይግባ። ልጆቹ በርኖስ ይልበሱ።

ጣርማበር፦
ጋሼ፣ የ11ኛ ክፍል ልጅ በርኖስ ለብሶ ትምህርት ቤት አይሄድም። ጃኬት ነው።

አንኮበሯ፦
አያቱ ይልበሱ። ሱፉ ሲፈተል፣ ባናው ሲሠራ ትንሽ እናሳይ። ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ፣ ያን ልጁ በስልኩ ይቅረጸው። ለፋውንድ ፉቴጅ፣ ማለት ተገኘ ለተባለ ቀረጻ፣ ይስማማል፣ ልጅ ያየውን ሁሉ ይቀርጻል።

መንዜ፦
አምስት ደቂቃ ይሁን ቢያንስ።

ጣርማበር፦
አምስት? ጠቅላላው 25 ነው።

የባሶዋ፦
ጓሳስ? ጓሳ ተራራ ላይ ሰው ራሱ ሣሩን ሲጠብቅ ዘመናት ነው። ቀይ ቀበሮ አለ፣ ጭላዳ አለ። ቱሪዝም ከተባለ እሱን ትታችሁ ምን ልታሳዩ ነው?

ሰብሳቢ፦
ይግባ። ሦስት ደቂቃ።

ጣርማበር፦
ልቁጠርላችሁ። በርኖስ 5፣ ጓሳ 3፣ በጉ ሲገዛ... ይሄ "የበግ ገበያ" የሚል ትዕይንት ከየት መጣ?

ገንዘብ ያዥ፦
እኔ ነኝ ያስገባሁት። ከገዛን አይቀር ይቀረጽ።

ጣርማበር፦
ጉድጓዱስ?

ጸሐፊ፦
ጉድጓዱ አለ። አጭር ሆኗል። ልጁ ወደ ጉድጓዱ ሲያይ ይታያል።

ጣርማበር፦
አይገባም?

ጸሐፊ፦
ገደሉ ላይ ልጆች ማውረድ ያሳስበናል ብለዋል ጋሼ። ወላጅ መፈረም አለበት ስለተባለም።

ቆላው፦
ዋናው ልጅ የሚሆነው ልጅም ይቅርታ ብሏል፣ አጎቱ ነገረኝ። 12ኛ ክፍል ሊገባ ነው፣ ከአሁኑ ቱቶሪያል አስገብተውታል። ታናሽ ወንድሙ ይችላል አሉ። 13 ዓመቱ ነው።

ጣርማበር፦
13 ዓመት ልጅ ትምህርቱን አቋርጦ ኃይሉን... ተዉት። እሺ፣ እኔ የምለው፤ ልጁ ኃይሉን ምን ላይ ያውለዋል? ምን ላይ እንዲያውለው ትፈልጋላችሁ?

መንዜ፦
በግ ላይ። ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ ሳይነሳ ይመልሳቸዋል። ይሄ ሁሉም እረኛ የተመኘው ነው። እኔም ተመኝቼዋለሁ፣ በተለይ ዝናብ ሲጥል።

ጣርማበር፦
ይሄ መጥፎ አይደለም።

መንዜ፦
አይደለም።

ጣርማበር፦
ግን ያልጻፍኩት ነው።

ሰብሳቢ፦
በሉ እንግዲህ። ርእሱን "የመንዝ በግና የወጣቶች ተስፋ" ብያለሁ ለቅጹ። ለፊልሙ ሌላ ርእስ ታወጡለታላችሁ።

ጸሐፊ፦
ርእሱ "ስልኩ" ነበር ጋሼ።

ሰብሳቢ፦
ለነሱ "ስልኩ" ብለን ብንልክ አይገባቸውም።

ሦስት እግር፦
ይቅርታ ያልመለስኩት፣ አዲስ አበባ ሠርግ ይዤ ነበር። ካሜራው ጓደኛዬ ጋ ነው ያለው። ቅዳሜ አይመቸኝም። ሸንበቆው ግን ቤት አለ፣ የፈለገ መጥቶ ይውሰድ።

ጸሐፊ፦
ዓርብ 9 ሰዓት ላይ አስገብቼዋለሁ። የገባው የ20 ደቂቃ ነው፣ ዶክመንተሪ ተብሎ። ኃይሉ ገጽ 6 ላይ አለ። 140 ሺህ ሳይሆን 95 ሺህ ነው የጠየቅነው፣ በጎቹን ራሳችን ስለገዛን።

ጣርማበር፦
ገዛን?

ገንዘብ ያዥ፦
ትናንት። ሁለቱን 23 ሺህ። ደረሰኝ የለም፣ ገበያ ነው፣ ሁለት ምስክር አስፈርሜያለሁ። ድርቆሽ የሚያመጣ ሰው ያስፈልጋል፣ በየተራ ነው። አንዱ ደግሞ ነጭ ነው። ማንም ምንም እንዳይለኝ፣ የተገኘው እሱ ነው።

መንዜ፦
ፎቶ ላኪ።

ገንዘብ ያዥ፦
እየበላ ነው።

መንዜ፦
ቢበላም ግድ የለኝም። ጆሮው ይታይ።