«እውነተኛ የመርከበኛ ሙዚቃ»? የማን መርከብ?

ደረቅ መሬት፦ ትናንት አንዱ እዚህ ስለ ሳንቲያኖ ሲጽፍ «እውነተኛ የመርከበኛ ሙዚቃ ይሄ ነው፤ ስሰማው ጨዉ አፍንጫዬ ድረስ ይመጣል» አለ። ስንቱም ጨብጨብ አደረገለት። ወገን፣ ይሄ እኮ በፈረንጆቹ 2011 ሰሜን ጀርመን፣ ፍሌንስቡርግ አካባቢ የተሰባሰበ ባንድ ነው። ሐሳቡም የፕሮዲውሰር ሐሳብ ነው። ጨዉ ከየት መጣ? ከስቱዲዮ?

ማዕበል፦ ጀመረህ ደግሞ። የ2012ቱ የመጀመሪያ አልበም ጀርመን ውስጥ አንደኛ። የ2013ቱ አንደኛ። የ2015ቱም የ2017ቱም እንደዚያው። ያን ሁሉ የገዛው ሕዝብ ጆሮ የለውም?

ደረቅ መሬት፦ ስንተኛ ወጣ ብዬ የጠየቅኩ ይመስል! «እውነተኛ» ያለው ሰው ይምጣና ያስረዳኝ ነው ያልኩት።

ሰባተኛ ረድፍ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ መጣሁልህ። ስሜቱን ለማለት ነው። በቃ ልብ ውስጥ ይገባል።

ደረቅ መሬት፦ አሃ፣ ዛሬ ስሜት ሆነ። ትናንት ጨው ነበር።

ገመድ ሳቢ፦ ቃሉን ካነሳችሁት አይቀር በደንብ እናንሳው። የመርከበኛ የሥራ ዘፈን እንደ ገመዱ የሥራ ዕቃ ነበር። ሸራ ሲሰቀል አውጪው አንድ ስንኝ ይላል፤ እሱ እያለ ሰዉ ትንፋሽ ይሰበስባል፣ ገመዱን ወደፊት አሻሽሎ ይይዛል። ተቀባዮቹ ሲመልሱ ጠበቅ ተደርገው በሚባሉት ሁለት ቃላት ላይ ሁለት ጊዜ እኩል ይሳባል። አውጪው ከቸኮለ እጅ ይላላል፣ ከተጎተተ ሰው ይሰላቻል። ጎበዝ አውጪ እንደ ብዙ ሰው ጉልበት ይቆጠር ነበር። ይሄ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የንግድ መርከብ ነገር ነው፤ እንፋሎት መጣ፣ ተቀበረ። በኤሌክትሪክ ጊታር ምን ሊስቡ ነው?

ማዕበል፦ ሕዝብ።

ገመድ ሳቢ፦ 😂 ይቺን ወስደሃል።

ቀዛፊዋ፦ ስማቸውንስ አስባችሁታል? «ሳንቲያኖ» የድሮ የመርከብ ዘፈን ነው፤ መልህቅ ሲወጣ ገመዱ የሚጠቀለልበትን ግንድ እየዞሩ እየገፉ የሚዘፍኑት። የሚያወድሰው ደግሞ ሳንታ አናን፣ የሜክሲኮውን ጄኔራል ነው። የእግረኛ ጦር ሰው! እሱም ቢሆን በ1838 ቬራክሩዝ ላይ አንድ እግሩን ያጣ። ዘፈኑ «ድል አደረገ» ይላል፣ ታሪክ ግን ከአሜሪካ ጋር በተደረገው ጦርነት ተሸነፈ ይላል። እንግዲህ የባሕር ባንዳችሁ የተሰየመው በየብስ ጄኔራል ነው።

ደረቅ መሬት፦ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ማለት ይሄ ነው። አመሰግናለሁ እህቴ።

ቀዛፊዋ፦ አታመስግነኝ፣ ካንተ ጋር አይደለሁም። እኔ የምለው መርከበኞቹ ራሳቸው ለ«እውነተኛ» ግድ አልነበራቸውም ነው። ወሬ ሰሙ፣ ዜማ አገኙ፣ ሥራ አሠሩበት።

ማዕበል፦ 👏👏 ናታን ኢቫንስስ? ስኮትላንዳዊ ፖስተኛ፣ ስልኩ ላይ «ዌለርማን»ን ዘፍኖ በ2021 ብሪታንያ ውስጥ አንደኛ ወጣ። ሳንቲያኖም በዚያው ዓመት አብረውት ዘፈኑት። እሱም ውሸት ነው በሉኛ!

ገመድ ሳቢ፦ «ዌለርማን» የሥራ ዘፈን አይደለም። የኒውዚላንድ ዓሣ ነባሪ አዳኞች ዘፈን ነው፣ ስንቅ የሚያመጣላቸውን መርከብ ሲጠብቁ። የዌለር ወንድማማቾች በ1831 ኦታኩ ላይ ጣቢያ ነበራቸው፤ ስሙ ከነሱ ነው። ገመድ አይሳብበትም።

ማዕበል፦ እና ምን ይጠበስ?

ገመድ ሳቢ፦ ምንም አይጠበስ። ግን አትደባልቁ።

ጋሽ ቫዮሊን፦ ልጆች፣ ስለ መርከብ ስትጨቃጨቁ ሙዚቃውን ረሳችሁት። ፒት ሴጅ ቫዮሊኑን ሲያነሳ ሰምታችኋል? ከዚያ ቡድን አንድ ሰው ምረጥ ብትሉኝ እሱን ነው። የቀሩትም ቢሆኑ ትናንት ከመንገድ የተለቀሙ አይደሉም፤ ከሳንቲያኖ በፊትም በሙዚቃ የኖሩ ጎልማሶች ናቸው።

ደረቅ መሬት፦ ጋሼ፣ እርስዎ ያሉትን አልክድም፣ ሰውዬው ይጫወታል። ግን እነዚሁ ሰዎች በ2012 ቫከን በሚባለው የጀርመን ሜታል ፌስቲቫል ላይ ከሄቪ ሜታል ባንዶች ጋር ወጡ፣ በ2013 ደግሞ በጀርመኑ የኤኮ ሙዚቃ ሽልማት በሕዝባዊ ሙዚቃ ዘርፍ አሸነፉ። ለጥቁር ካናቴራውም ለአያትየውም እኩል የሚሸጥ ነገር አይጠረጠርም?

ጋሽ ቫዮሊን፦ አያትና የልጅ ልጅ አንድ ዘፈን ከወደዱ ምኑ ነው የሚጠረጠረው? እኔም አያት ነኝ።

ሰባተኛ ረድፍ፦ 😂😂 ተመለስ አሁን።

ማዕበል፦ ዝም አለ።

ደረቅ መሬት፦ ዝም አላልኩም፣ እየበላሁ ነው። በ2014 ለዩሮቪዥን፣ ለአውሮፓው የዘፈን ውድድር፣ የጀርመን ማጣሪያ ገቡ፤ ኤላይዛ የሚባል ባንድ፣ ሦስት ሴቶች፣ አኮርዲዮን ይዘው አሸነፉ። ሕዝብ የሚሳብ ከሆነ ያን ዕለት ገመዱ የት ነበር?

ማዕበል፦ አንድ ምሽት! ከአራት አንደኛ አልበም ውስጥ አንድ ምሽት ቆፍረህ አወጣህ!

ቀዛፊዋ፦ ከዩሮቪዥን ውጡ በናታችሁ፣ እዚያ ከገባን ሳምንት አንወጣም።

ደረቅ መሬት፦ እወጣለሁ። «እውነተኛ» የሚለው ግን ገና አልተመለሰልኝም።

ሰባተኛ ረድፍ፦ ወይ ልብ አውልቅ! ሄጄ የትናንቱን አስተካክዬዋለሁ። አሁን «የመርከበኛ ሙዚቃ» ብቻ ነው የሚለው። ረካህ?

ደረቅ መሬት፦ «የመርከበኛ»ውስ?