ከሉክሶር እስከ አስዋን በመርከብ፦ በዕድሜ የገፉ እናትን ይዞ ለመጓዝ የትኛው ይሻላል?

መንገደኛ ከፍራንክፈርት

ጤና ይስጥልኝ። በደቡብ ግብፅ በአባይ ላይ በመርከብ የተጓዛችሁ ወገኖች ምክራችሁን እንድትለግሱኝ እጠይቃለሁ። በኅዳር መጨረሻ ገደማ ከአዲስ አበባ የሚመጡትን እናቴን ካይሮ ላይ ተቀብዬ፣ ከዚያ ወደ ሉክሶር በርረን የጥንቶቹን ቤተ መቅደሶችና የነገሥታቱን መቃብሮች ለማየት አስበናል። እናቴ ወደ 70 ዓመት የሚጠጉ የጎጃም ሰው ናቸው፤ በራሳቸው ይራመዳሉ፣ ነገር ግን ደረጃ ሲበዛ ጉልበታቸው ያስቸግራቸዋል። ወቅቱ የነቢያት ጾም በመሆኑም የምግቡ ነገር ከወዲሁ አሳስቧቸዋል። «የጣዖት ቤት ለማየት ይህን ያህል ገንዘብ?» ማለታቸው ባይቀርም፣ ዮሴፍና ሙሴ የኖሩበትን አገር ማየቱን ግን አልጠሉትም።

የጉዞ ወኪሉ ሁለት አማራጭ አቅርቦልኛል፤ አንደኛው ከሉክሶር ተነሥቶ አስዋን የሚያደርስ የ4 ሌሊት ጉዞ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከአስዋን ወደ ሉክሶር የሚመለስ የ3 ሌሊት ጉዞ ነው። ዳሃቢያ ስለሚባለው ባለ ሸራ ጀልባም ሰምቻለሁ። የትኛውን ትመርጡልኛላችሁ? ከመቃብሮቹስ ለእናቴ የሚሆኑት የትኞቹ ናቸው?

ነዋሪ ካይሮ

ለእርስዎ ሁኔታ የ4 ሌሊቱን ያለ ማመንታት እመርጣለሁ። ምክንያቴ የመርከቡ ምቾት ሳይሆን የጊዜው አከፋፈል ነው። ከሉክሶር የሚነሣው መርከብ የመጀመሪያውን ሌሊት አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ታስሮ ስለሚያድር፣ ካርናክንና የሉክሶርን ቤተ መቅደስ በአንዱ ቀን፣ የምዕራቡን ዳርቻ መቃብሮች ደግሞ በሌላው ቀን ለማየት ፋታ ይሰጣል። ከአስዋን በሚነሣው ግን ሉክሶር የሚደረሰው መጨረሻ ላይ ነው፤ ከሁሉ የበለጠ ጊዜ የሚጠይቀው ቦታ ሻንጣ በሚሸከፍበት ጥድፊያ ውስጥ ይወድቃል።

ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር መርከቡ በትክክል የሚጓዝባቸው ሰዓታት ጥቂት መሆናቸው ነው። ሁለቱ ከተሞች በወንዙ ቢለኩ የሚራራቁት 200 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ መርከቡ ከሚሄድበት ጊዜ የሚቆምበት ይበልጣል። በሚቆምበትም ቦታ መርከቦቹ ጎን ለጎን ይታሰራሉ፤ ወደ መሬት ለመውረድ የሦስት ወይም የአራት መርከብ እንግዳ መቀበያ አቋርጦ ማለፍ የተለመደ ነው፣ መስኮት ሲከፈትም ከወንዙ ይልቅ የጎረቤት መርከብ መጋረጃ ሊታይ ይችላል። ሁሉም መርከብ ሊፍት ስለሌለው፣ ከመክፈልዎ በፊት ይህን ከወኪሉ በጽሑፍ ያረጋግጡ።

በመንገዱ ላይ ባለችው ኤስና ከተማ ወንዙ የተገደበ በመሆኑ መርከቦች በሁለት የብረት በሮች መካከል ወዳለ ክፍል ገብተው፣ ውኃው ሲሞላ ከፍ ብለው ወደ ላይኛው ወገን ይወጣሉ። ተራው ሲረዝም ሰዓታት ይፈጃል። በዚህ መሐል ነጋዴዎች በትናንሽ ጀልባ ተጠግተው ጋላቢያ የሚባለውን ረጅም ቀሚስና የጠረጴዛ ልብስ በፌስታል ጠቅልለው እስከ መርከቡ ጣሪያ ድረስ ይወረውራሉ፤ የማይፈልገው ሰው መልሶ ይጥልላቸዋል፣ የፈለገውም ከታች ወደ ላይ እየተጯጯኸ ከተከራከረ በኋላ ገንዘቡን በዚያው ፌስታል ከትቶ ይወረውራል። መርካቶን ለሚያውቁት እናትዎ ከመቃብሮቹ ሁሉ ይህ ሳይበልጥባቸው አይቀርም።

ስለ ጾሙ አይጨነቁ። የግብፅ ኮፕቶችም በዚያው ወቅት የልደትን ጾም ስለሚጾሙ፣ ለወጥ ቤቱ «ሲያሚ» (የጾም) ብለው ከነገሯቸው ፉል፣ ከባቄላ የሚጠበሰውን ጣሚያ፣ የምስር ሾርባና ኩሽሪ ያቀርቡላቸዋል። ኮፕቶች በዚህ ጾም ዓሣ ስለሚፈቅዱ ግን፣ እናትዎ ዓሣ የማይበሉ ከሆነ ለይተው ይንገሯቸው። በታላላቆቹ ቦታዎች የመግቢያ ትኬት የሚሸጠው በባንክ ካርድ ስለሆነም ካርድዎን አይርሱ። ኤድፉ ላይ ከወደቡ እስከ ቤተ መቅደሱ በፈረስ ጋሪ መውሰድ የቆየ ልማድ ነው፤ የፈረሶቹ አያያዝ ብዙውን ጊዜ ስለማያስደስት፣ ወኪሉ ሚኒባስ ወይም ባጃጅ እንዲያዘጋጅልዎ መጠየቅ ይችላሉ።

የታሪክ መምህር

ከላይ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ፤ እኔ የምጨምረው ስለሚታዩት ነገሮች ነው። በነገሥታት ሸለቆ ከ60 በላይ መቃብሮች ቢገኙም ለጎብኚ የሚከፈቱት በየተራ ጥቂቶቹ ናቸው፤ መደበኛው ትኬትም የሚያስገባው ሦስት ብቻ ነው። እናትዎን ወደ ራምሴስ 4ኛ መቃብር ይውሰዷቸው፤ መተላለፊያው ሰፊና ቀጥ ያለ፣ ቁልቁለቱም ቀስ ያለ ነው። ገደሉ ላይ በብረት መሰላል ተወጥቶ ከዚያ ወደ ውስጥ የሚወረድበትን የቱትሞስ 3ኛን መቃብር ግን ለእርሳቸው አልመክርም፤ ጥልቅ የሆነውን የሴቲ 1ኛን እንዲሁ።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው የቱታንክሃሙን መቃብር፣ ሃዋርድ ካርተር እ.ኤ.አ. በኅዳር 1922 ያገኘው፣ 16 ደረጃ የሚወረድበት ጠባብ ስፍራ ነው። አስከሬኑ ዛሬም እዚያው ይገኛል፤ ሥዕል ያለው ግን የሬሳ ሣጥኑ ያረፈበት ክፍል ብቻ ሲሆን፣ ከውስጡ የወጣው ሀብት የሚታየው ጊዛ በተሠራው ታላቁ የግብፅ ሙዚየም ነው። ለተጨማሪ ትኬት የሚከፍሉ ከሆነ ገንዘብዎን ለራምሴስ 5ኛና 6ኛ የጋራ መቃብር ቢያውሉት ይሻላል። በመጨረሻው ክፍል ጣሪያ ላይ የሰማይ አምላካቸው ኑት ሁለት ጊዜ፣ ጀርባ ለጀርባ ሆና ከዳር እስከ ዳር ተዘርግታ ተሥላለች። ፀሐይን ማታ በአፏ ስትውጣት፣ ቀይዋ ክብ በሰውነቷ ውስጥ እየተንከባለለች ስትሄድና ሲነጋ ስትወለድ ይታያል። እዚያ ክፍል ውስጥ አስጎብኚ ቢያጣድፋችሁ እሺ አትበሉ።

በሐትሼፕሱት ቤተ መቅደስ አብዛኛው ጎብኚ ከፊት ለፊቱ ፎቶ ተነሥቶ ይመለሳል። እናንተ ግን ወደ መካከለኛው እርከን ወጥታችሁ በግራ በኩል ያለውን አዕማድ ያለበት በረንዳ ተመልከቱ። ንግሥቲቱ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው ክፍለ ዘመን ፑንት ወደተባለው አገር የላከችው ጉዞ እዚያ ተቀርጿል፤ በእንጨት ላይ ከፍ ብለው የተሠሩ ጎጆዎች፣ ከነሥራቸው በቅርጫት ተይዘው ወደ መርከብ የሚጫኑ የከርቤ ዛፎች፣ ከመርከቦቹም ሥር የቀይ ባሕር ዓሦች ይታያሉ። የፑንት ትክክለኛ ቦታ እስከ ዛሬ ቢያከራክርም፣ ብዙዎቹ ምሁራን የሚፈልጉት በደቡባዊው ቀይ ባሕርና በእኛው የአፍሪካ ቀንድ አካባቢ ነው።

ኤድፉ ያለው የሆረስ ቤተ መቅደስ የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ237 እስከ 57 ባለው ጊዜ፣ ከግሪክ በመጡት በጥሎሚዎች ዘመን ሲሆን፣ ከሐትሼፕሱት ዘመን ከ1,000 ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። እንደዚህ ሳይፈርስ የቆየው ለዘመናት በአሸዋ ተውጦ በመቀመጡ ነው። የኮም ኦምቦ ቤተ መቅደስ ደግሞ ወንዙ ዳር ስለሆነ ብዙ መራመድ አይጠይቅም፤ በግቢው ውስጥ የአባይ ሙላት ይለካበት የነበረውን ጥልቅ ጉድጓድ ለእናትዎ ያሳዩአቸው። በዚያ ግድግዳ ላይ በየክረምቱ ከፍ እያለ የሚመጣው ውኃ በአብዛኛው ከእኛ ደጋ በጥቁር አባይና በተከዜ የወረደ ነበር፤ የሙላቱ መጠን የዓመቱን ግብር ለመተመን ያገለግል ስለነበር፣ በጎጃም የዘነበው ዝናብ የግብፅን ገበሬ ዕዳ ይወስን ነበር ማለት ይቻላል። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ካለቀ ወዲህ ሙላቱ እዚያ አይደርስም።

ጣዖቱ የሚከብዳቸው ከሆነ አስዋን አጠገብ ያለውን የፊላይን ቤተ መቅደስ በጉጉት ይጠብቁ ይበሏቸው። በኢሲስ ቤተ መቅደስ ውስጥ፣ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ስፍራው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን የተቀረጹት መስቀሎች በአዕማዱና በግድግዳው ላይ ጎልተው ይታያሉ። የመጨረሻው የታወቀ የሂሮግሊፍ (የጥንት ግብፃውያን የሥዕል ፊደል) ጽሑፍ የተጻፈውም እዚያው፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 24 ቀን 394 ነው። ሕንፃው በሙሉ ከውኃ ለማዳን ድንጋይ በድንጋይ ተነቅሎ ከ1972 እስከ 1980 ባሉት ዓመታት አጊልኪያ ወደምትባለው ደሴት የተዛወረ ቢሆንም፣ ቆሞ ለሚያየው ሰው መገጣጠሚያው አይታወቅም።

ሸራ ወዳድ

ስለ ታሪኩ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ ዳሃቢያው ግን ሳይነሣ መታለፉ አግባብ አልመሰለኝም። ዳሃቢያ ጥቂት መኝታ ክፍሎች ብቻ ያሉት፣ በሁለት ሸራ የሚሄድ ጀልባ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከኤስና በላይ ስለሆነ የመተላለፊያውን ወረፋ ያስቀራል። ነፋሱ ከሰሜን ስለሚነፍስ ወንዙን ሽቅብ ይገፋዋል፤ ነፋስ ሲጠፋ ሞተር ያላት ትንሽ ጀልባ ትጎትተዋለች። ትልልቆቹ መርከቦች የማይቆሙባቸው ኤል ካብና ጀበል ሲልሲላ የሚታዩትም በእርሱ ነው። ሲልሲላ ለብዙዎቹ የላይኛው ግብፅ ቤተ መቅደሶች የአሸዋ ድንጋዩ የተፈለጠበት ስፍራ ነው፤ ከካርናክ በኋላ ያንን ገደልና የመሮዎቹን ጭረት ማየት ሌላ ትርጉም አለው። ኤል ካብ ደግሞ ሂክሶስ የተባሉትን የባዕድ ገዢዎች በማባረሩ ጦርነት የተካፈለው የአሕሞስ ወልደ ኢባና መቃብር አለ፤ የውጊያ ታሪኩንና የተሸለመውን ወርቅ በራሱ አንደበት ግድግዳው ላይ አስጽፎታል።

ሆኖም ዳሃቢያው ወንዙ ዳር ሲቆም የሚወረድበት ሳንቃ ጠባብ ነው፣ የኤል ካብም መቃብሮች ኮረብታው ላይ በደረጃ የሚወጡ ናቸው። ለእርስዎ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከማንም ጋር እከራከርልዎት ነበር፤ ለእናትዎ ጉልበት ግን ትልቁ መርከብ ይሻላል።

መንገደኛ ከፍራንክፈርት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ የ4 ሌሊቱን ወስኛለሁ። አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ወኪሉ ከአስዋን በስተ ደቡብ ወዳለው የአቡ ሲምበል ቤተ መቅደስ በአውቶቡስ ደርሶ መልስ እጨምርልሃለሁ ይለኛል። ለእናቴ ይበዛባቸው ይሆን?

ነዋሪ ካይሮ

ይበዛባቸዋል። ርቀቱ በአንድ ወገን 280 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አውቶቡሶቹም የሚነሡት ገና ሳይነጋ ስለሆነ፣ ግማሽ ቀን በረሃ ውስጥ ተቀምጦ ቦታው ላይ የሚቆየው ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። ያንን ጠዋት ለፊላይና ከአስዋን ማዶ ላለው ለቅዱስ ስምዖን ገዳም ፍርስራሽ ቢያውሉት ይጠቅማቸዋል።

የታሪክ መምህር

በዚህ አልስማማም። የራምሴስ 2ኛ አራት ሐውልቶች እያንዳንዳቸው 20 ሜትር ያህል ቁመት አላቸው፤ ከ1964 እስከ 1968 ድረስ ከነተራራው ገጽታ ተቆርጠው የግድቡ ሐይቅ እንዳያሰጥማቸው ከቀድሞ ቦታቸው 65 ሜትር ከፍ ተደርገው እንደገና ተተክለዋል። ከአስዋን ድረስ ሄዶ ይህን ሳያዩ መመለስ የሚያስቆጭ ነው። አውቶቡሱ ከከበዳቸው ከአስዋን አቡ ሲምበል የሚወስድ የአገር ውስጥ በረራ አለ፤ ትኬቱ ለብቻው የሚገዛ በመሆኑ ሰዓቱ መርከቡን ከምትለቁበት ሰዓት ጋር እንዳይጋጭ ወኪሉን አስቀድመው ይጠይቁት።