በታኅሣሥ ውርጭ የዶሮ ቤት ይዘጋ ወይስ ይከፈት?

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን
ጤና ይስጥልኝ። በግቢዬ 9 የሳሶ ዝርያ ቄቦችና አንድ አውራ ዶሮ አሉኝ። ቤታቸው ግድግዳው በጭቃ የተመረገ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። ውርጩ ሲበረታ ስለ ሳሳሁላቸው ከቆርቆሮው ሥር ያለውን ክፍተት ዙሪያውን በላስቲክ ደፈንኩት። አሁን ግን ጠዋት በሩን ስከፍት ሽታው ዓይኔን ያቃጥለኛል፣ ከቆርቆሮው ውኃ ይንጠባጠባል፣ ሁለቱ ቄቦችም ማስነጠስ ጀምረዋል። ማታ ማታ የከሰል ምድጃ ባስገባላቸው ይሻል ይሆን?

መልስ 1፣ ከደብረ ብርሃን
እኅቴ፣ ከሰሉን በፍጹም እንዳያስገቡ፤ በተዘጋ ቤት የሚነድ ከሰል ሰውን እንኳ ሳያስነቃ ይገድላል። ላስቲኩንም ዛሬውኑ ያንሡት። የዶሮ ሰውነት ሙቀት 41 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ላባዋን ነፋ ስታደርገው በመካከሉ የሚያዘው አየር እንደ ጋቢ ይሆንላታል፣ ላባው ከረጠበ ግን ያ ሙቀት አይኖርም። እርስዎ ቤት የሚንጠባጠበው ውኃ የዶሮዎቹ ትንፋሽና የኩሳቸው እርጥበት መውጫ አጥቶ ቆርቆሮው ላይ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር ነው። ዓይንዎን የሚያቃጥለው ደግሞ ከኩሱ የሚወጣው አሞኒያ ነው፤ እርስዎን በአንድ አፍታ ያስለቀሰውን ሽታ እነርሱ ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍሱት ያድራሉ።

ስለዚህ ክፍተቱ ከራሳቸው በላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር ይሁን፤ ቆጡ ባለበት ከፍታ ግን ግድግዳው ነፋስ እንዳያሳልፍ ስንጥቁን በጭቃ ይምረጉት። ወለሉ ላይ አንድ ስንዝር ያህል ደረቅ ጭድ ይጎዝጉዙ። እኔ ጠዋት ጠዋት አንድ እፍኝ አንሥቼ እጨብጠዋለሁ፤ እጄን ስከፍት ካልተበተነ እቀይረዋለሁ። ቆጡም ክብ አጣና ሳይሆን ጠፍጣፋ እንጨት ቢሆን፣ እግራቸውን አጥፈው ሲቀመጡ የሆዳቸው ላባ ጣቶቻቸውን ይሸፍንላቸዋል።

መልስ 2፣ ከሚኒሶታ፣ አሜሪካ
በላይ የተነገረው ትክክል ነው። እዚህ ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሲወርድ እንኳ ስድስቱን ዶሮዎቼን ያለ ማሞቂያ አሳልፋለሁ። አንድ ክረምት ብቻ መስኮቱን ዘግቼባቸው፣ በእርጥበቱ የተነሣ የአውራው አናት ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ጫፉ ጠቁሮ ሞተ፤ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ማታ ከመተኛታቸው በፊት የተከካ በቆሎ ይስጧቸው፣ ሲፈጩት ያድራሉና ያሞቃቸዋል። ጠዋት ደግሞ ለብ ያለ ውኃ ያቅርቡላቸው።

መልስ 3፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያ
ማስነጠሱን ለሽታው ብቻ አይስጡት፤ ሁለቱን ቄቦች ዛሬውኑ ለብቻ ይለዩ። የፈንግል (የዶሮ ገዳይ በሽታ) ክትባት መቼ እንደ ተከተቡ ያስታውሳሉ?

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ላስቲኩን ካነሣሁ ሦስተኛ ቀኔ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ቆርቆሮውን በእጄ ዳሰስኩት፣ ደረቅ ነበር። አንዷ ቄብ ድናለች፤ ሌላዋ አሁንም ስለምታስነጥስ ነገ ወደ ክሊኒክ እወስዳታለሁ። የተከተቡት የ45 ቀን ጫጩት ሳሉ፣ ከመግዛቴ በፊት ነው፤ ከዚያ ወዲህ አልተደገመላቸውም።